የብርጓል እርፍ ስትጨብጥ

እንዳላማው ጣሊያንን ሊዋጋ ዱር በገባ በሳምንቱ ሚስቱ የብርጓል እርፍ ጨበጠች። በይጁቤ ዙሪያ ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ በሬ ጠምዳ ማረስ ግን ነውር ነው።

"ሴት ያረሰችው መሬት ይመክናል" አሉ ጎረቤቶቿ። እሷን ራሷን በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ልጅ አልወለደችም ብለው ሲያሟት ኖረዋልና ነገሩ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። በዚያ አገር "ፍሬያማ" ሲባል ወይ ማሳ ነው፣ ወይ ወላድ ናት። የሴት ክንድ እንዲህ ሲባል የሰማ የለም።

ከሁለት በሬዎቿ አንዱን ጣሊያን ነድቶባታል። ጎረቤቷ ዘሪቱም ባሏ ሞቶባት የቀራት አንድ በሬ ነበርና ሁለቱ ሴቶች ተቀናጁ። መጀመሪያ ትልሙ እንደ እባብ ተጣመመ፤ የየብርጓል መዳፍ ተላጠ። መሬቱን ለሦስተኛ ጊዜ ስታርሰው ግን ትልሙ ቀጥ አለላት።

"ዘሪቱ፣ ነይ እይልኝ!" ብላ ጮኸች።

የዘራችው ጤፍ ሲወቃ ዘጠኝ ዳውላ ወጣ። እንዳላማው እንኳ በዚያ ማሳ ከስድስት አልፎ አያውቅም። ጣሊያን እንዳይወስደው ሰባቱን በረት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት።

ብዙም ሳይቆይ ጣሊያናዊው ሹም ከአስተርጓሚው ጋር መጣና አውድማው ላይ የቀረውን ሁለት ዳውላ አየ።

"ሹሙ፣ 'ይህን ሁሉ መሬት ይዘሽ ይህን ብቻ? ፍሬ ቢስ ነሽ' ይላሉ" አለ አስተርጓሚው።

የብርጓል ደሟ ፈላ። "ዘጠኝ ነው!" የሚለው ቃል ከምላሷ ጫፍ ደረሰ፤ ዋጠችው።

"እውነታቸውን ነው፣ ጌታዬ። ሴት ምን ታርሳለች?" አለች አንገቷን ደፍታ።

አንዱን ዳውላ ጭነው ሄዱ። የተቀበረው ጤፍ በዘሪቱ አህያ፣ ጭድ እየለበሰ፣ ጥቂት በጥቂት ለአርበኞቹ ደረሰ።

በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ሲወጣ የአርበኞቹ አለቃ ፊታውራሪ አበረ ይጁቤ ገበያ መሐል ቆመው የየብርጓልን እጅ ወደ ላይ አነሡ።

"ክረምቱን ያወጣን ይህ ፍሬያማ ክንድ ነው!"

ሲያሟት የኖሩት ሁሉ እልልታውን አቀለጡት። እሷ አላለቀሰችም፤ ቀና ብላ ቆመች።

እንዳላማው ቀኝ እጁን በጥይት ተመትቶ ተመለሰ። ሰኔ ሲገባ በሬዎቹን ልጥመድ ብሎ ቀንበሩ ከእጁ ወደቀ።

"ተወው፣ እኔ አለሁ" አለችው።

"ሰው ምን ይላል?"

"ያሻውን ይበል!"

ጅራፏን አጮኸች። አንድ መንገደኛ ቆሞ ሲያፈጥ ጊዜ እንዳላማው ከማሳው ዳር ብድግ አለ።

"ምን ታያለህ፣ ወንድሜ? ሚስቴ ናት!"