አባ ችካል እና ጓሯችን ያለው ጥድ

አባቴ ሻይ ሲቀዳ እናቴ በስተግራው ተቀምጣ፣ ማንቆርቆሪያው ዘንበል ማለት ሲጀምር ስኒውን ወደ ራሷ ሳብ ታደርገዋለች። ዓይኑ ከደከመ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ሁሉን ነገር በግራ በኩል ይስታል፤ እሱ ግን አያውቅም። ከየት ይወቀው? አንድ ጠብታ እንኳ ጠረጴዛ ላይ ፈሶበት አያውቅ!

ሠላሳ አራት ዓመት ጫካ ውስጥ ዛፍ ሲጥል የኖረ ሰው ነው። ያኔ የሞተር መጋዝ የለም፤ አንዱ በወዲያ አንዱ በወዲህ ሆኖ የሚጎተት የሁለት ሰው መጋዝ ነበር። የአባቴ ቅጽል ስም «አባ ችካል» ነበር። ዛፉን ከመንካቱ በፊት ርቆ ሄዶ ችካል ይተክላል፤ ከዚያ ግንዱን እላዩ ላይ ጥሎ እንደ ሚስማር መሬት ውስጥ ይቀብረዋል። ይህን ታሪክ በየራቱ እየሰማን ነው ያደግነው። ችካሏ በየዓመቱ እየቀጠነች ሄዳ፣ እኔ ትምህርት ስጨርስ የክብሪት እንጨት ለማከል ትንሽ ነበር የቀራት።

ሌላው የራት ትምህርታችን ስለ መጋዙ ነበር። «መጋዝ ይሳባል እንጂ አይገፋም» ይላል። «ስበህ ስትጨርስ ልቀቅ፣ ጓደኛህ ይስባል። የሚገፋ ሰው መጋዝ ያጎብጣል።» ጠባዩ ያላማረውን ሰው ሁሉ «ገፊ ነው» ብሎ ይገላገለዋል። ከታላቅ ወንድሜ ጀምሮ።

ባለፈው ዓመት ጓሯችን ያለው ጥድ ወደ ቤቱ ማዘንበል ጀመረ። ወንድሜ ከከተማ መጣ፤ ዛፉን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ፈረደ። ቤቱ ይሸጥ፣ ሁለቱም እሱ ጋ አራተኛ ፎቅ ይግቡ።

«እኔ እያለሁ ዛፍ ከቤቴ ሊያስወጣኝ?» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ዛፉ ብቻ እኮ አይደለም። አርጅታችኋል።»

አባቴ ብድግ ብሎ ወጣ። ችካል ጠረበና በወጥ ቤቱና በዶሮ ቤቱ መሃል ተከላት። «ነገ ጥዱ ይቺን ካልቀበራት፣ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ ፎቅህ ላይ እወጣለሁ። ከቀበራት ግን ይህ ወሬ ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ!»

ወንድሜ ተስማማ። ፊቱ በልቡ ሻንጣ የሚመርጥ ሰው ፊት ነበር። እኔ ግን የማስበው ስለ እናቴ ነበር። እናቴ አርባ ዓመት ስትኮተኩት የኖረችውን ግቢ ትታ ፎቅ ላይ ምን ልትሠራ ነው? በረንዳ ስትጠርግ ልትውል?

በማግስቱ አባቴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ችካሏ አነጣጠረና፣ ጥዱን ሊጥልበት ባሰበው በኩል ግንዱን በመጥረቢያ ጠርቦ «አፍ» ከፈተለት። «ዛፍ አፉ ወዳየበት ይወድቃል» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ከዚያ መጋዙን ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። ወንድሜ የግቢው በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ያወራል።

እናቴ ወደ ጥዱ ሄደች። ጎንበስ ብላ አፉ ወዴት እንደሚያይ አየች። ችካሏን ነቅላ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ወሰደቻትና ተከለቻት፤ በተረከዟ ጠቀጠቀቻት። ዞር ስትል ዶሮ ቤቱ ጋ ከቆምኩት ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔም ዶሮዎቹን ማባረር ጀመርኩ።

አባቴ መጋዙን ይዞ ሲመለስ ወንድሜ እጅጌውን ሰብስቦ ቀረበ።

«አንተ ትገፋለህ» አለው አባቴ።

«እኔ አለሁ» አለች እናቴ፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ማዶውን ያዘች።

«አትግፊ!»

«ማን ገፋ? አንተ ነህ እጄን ከትከሻዬ ልትነቅል የደረስከው!»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ግማሽ ሰዓት ጎተቱት። ከዚያ ግንዱ ሲንጣጣ አባቴ «ዞር በይ!» ብሎ እሷን ወደ ኋላ ሳባትና ሰፈሩ እስኪሰማ «መጣችችች!» ብሎ ጮኸ። ጥዱ ወደቀ። ወጥ ቤቱ ተረፈ፣ ዶሮ ቤቱ ለጥቂት ተረፈ። ወንድሜ ቅርንጫፍ እየገለጠ ችካሏን ፈለገ፤ ጫፏ ብቻ ከአፈሩ እኩል ሆና ተገኘች።

«በስመ አብ!» አለ ወንድሜ። ከዚያ በኋላ ስለ ፎቅ አልተነፈሰም።

አባቴ ደረቱን ነፍቶ ሊያይ መጣ። በመንገዱ ላይ የቀኝ እግሩ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ቆመ። በጫማው ጫፍ ጉድጓዷን ዳበሳት። የችካል ጉድጓድ እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። ወደ እናቴ ቀና ብሎ አየ፤ እሷ ከቀሚሷ ላይ የመጋዝ ብናኝ ታራግፋለች። ወንድሜ ምሳ በልቶ እስኪሄድ አባቴ ከዚያች ጉድጓድ ላይ አልተነቃነቀም። «ና ብላ እንጂ አባዬ» ሲባል «ሥራዬን ልየው» ይላል።

አመሻሹ ላይ ሻይ ቀረበ። አባቴ ማንቆርቆሪያውን አነሳ፤ ከስኒው በላይ አየር ላይ ያዘው። አልቀዳም። እናቴ ቀና ብላ አየችው።

«ስኒውን ሳቢው እንጂ» አላት፤ «ሊቀዘቅዝ ነው።»