የእንዳለው መለኪያ

እንዳለው ጥርጣሬውን ከሠራዊቱ ይዞት የመጣ ሰው ነው። የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ሲያገለግል፣ አንዱ ጓድ ያየውን ሌላው ሳያውቅ ቀርቶ ሰው ሲያልቅ በጆሮው ሰምቷል። ወደ ቀዬው፣ ወደ ራያዋ ሮቢት ተመልሶ የሚሊሻ ጓድ መሪ ሲሆን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው ተረት ከአፉ አትጠፋም። ጎረቤት ደኅና አደርክ ወይ ሲለው እንኳ ለምን እንደጠየቀው ያስባል።

ጥበቃ ላይ ሳሉ ድንገት «ቁም!» ይላል። አምስቱን ሚሊሾች ፊታቸውን ያዞርና አንድ በአንድ ወደ ግራሩ ሥር ጠርቶ ይጠይቃል፤ ማን አለፈ? ጓደኛህ የት ቆሟል? ቀጥሎ ምን ይመጣል ትላለህ? መልሱ ከገጠመ ጓዱ አንድ ዓይን አለው ማለት ነው። ካልገጠመ ግን አንዱ ይዋሻል። የማይገጥመው ሁልጊዜ ሙሴ ነበር። ወላጆቹ ከደቡብ ትግራይ ናቸው፤ እሱ ዋጃ ተወልዶ እዚህ የከተመ ዝምተኛ ገበሬ ነው። ሌሎቹ ማንም አላለፈም ሲሉ እሱ ሰው አየሁ ይላል። እንዳለውም በሆዱ፣ «ይኼ ሰው ሊያደናግረን ነው» አለ። አንዴ ከደገመ መሣሪያውን ሊቀማው ቆረጠ። በራያ መሣሪያውን የተቀማ ወንድ ደግሞ ሚስቱ ፊት እንኳ ቀና ብሎ አይሄድም።

ወጥመዱን ራሱ አጠመደ፤ በዚህ ጊዜ ማን እንዳለፈ እሱም ያውቃል። የሚስቱን ወንድም ዘላለምን፣ ጆንያ የጫነ አህያ አስነድቶ ከጥበቃው ሥር ባለው ደረቅ ወንዝ አሳለፈው። ከዚያ «ቁም!» አለ። አራቱ ተራ በተራ «ማንም አላለፈም» አሉ።

«አንድ ሰው አህያ እየነዳ ወደ ቆቦ አልፏል» አለ ሙሴ። «ጆንያውን የፈተሸው የለም።»

የእንዳለው ደም ፈላ። አራቱን ሰብስቦ ዓይናችሁ የት ነበር ብሎ አፈጠጠባቸው። አያሌው የተባለው ሚሊሻ አንገቱን ደፋ።

«ማየቱንስ አየነው፣ አያ እንዳለው። ያንቱ አማች አይደል? እስከ ዛሬ ያለፉትም የአንዳችን ዘመድ ነበሩ። በምን አፋችን እንናገር? ይሉኝታም አለ።»

እንዳለው ፈራ። አንድ ዓይን ሲለው የኖረው ለካ አንድ ላይ ዝም ማለት ኖሯል። ነገ ሌላ ዘመድ በጆንያ ጥይት ቢያሳልፍስ? ወደ ሙሴ ዞሮ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገረ።

«ከዛሬ ጀምሮ የማምነው አንተን ነው።»

ሙሴ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ።

«አይመኑኝ፣ አያ እንዳለው። አማችዎ መሆኑን አላወቅሁም። ለሰርግም ለክርስትናም ቤትዎ ጠርተውኝ አያውቁ፤ ዘመድዎን በምን ልወቅ? ባውቅ ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር።»