ከደመኛዬ ጋር በአንድ መሰላል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከኮሌጅ ስትመለስ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ፣ «እኔ ከዚያ ልጅ ጋር ሁለተኛ አልሠራም!» አለች። እዚሁ እንጅባራ ኤሌክትሪክ ነው የምትማረው። መምህሯ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲመድብ ከተኳረፈችው ልጅ ጋር አጣምሯታል። እናቷ ሳቀች። እኔ ግን «አንቺ! ኩርፊያ ይዞ ሽቦ መንካት የለም!» ብዬ ጮህኩ። እሷም ደነገጠች፣ እኔም በራሴ ደነገጥኩ። ለካ ያ ነገር እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል።

እኔ የተማርኩት ዳንግላ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ከሒሳቡና ከእንግሊዝኛው ጎን ሙያም ይሰጥ ነበር፤ ለእኔ ኤሌክትሪክ ደረሰኝ። ከገጠር ስንቃችንን ተሸክመን እንመጣለን፣ ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንሰነብታለን። ስንቁ ምን ሊሆን ነው፣ ድንች ነዋ! ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች፣ በሚጥሚጣ እየነካን። ሲርበን ግን እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰላችሁ!

ከመንደራችን የመጣ አያሌው የሚባል ልጅ አብሮኝ ይማር ነበር። አብሮኝ ስል በአንድ ክፍል ማለቴ ነው እንጂ እኔና እሱ ደመኞች ነበርን። አጎቴ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የአያሌውን አባት ገድሏል። አጎቴ ታስሯል፤ ዕርቅ ግን አልወረደም። በእኛ ዘንድ ዕርቅ ያልወረደበት ደም ካለ ከደመኛ ጋር አንድ ማዕድ አይቀረብም፤ ከእጁም ምንም አይቀበሉም፣ ውሃም ቢሆን። አንድ ክፍል ተቀምጠን ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠን አናውቅም ነበር።

የወርክሾፕ መምህራችን ቲቸር ግርማ የሩቅ አገር ልጅ ነው፤ ይህን ከየት ይወቅ? ደግ ነበር፤ በሥራ ግን ቀልድ አያውቅም። ሕጉ አንድ ነው፦ አንዱ መሰላል ላይ ከመውጣቱ በፊት ሌላው ከኮረንቲው ሰሌዳ ላይ ፊውዙን ነቅሎ ይሰጠዋል፤ የሚወጣው ኪሱ ከትቶት ይወጣል። ፊውዙ ኪስህ ውስጥ ካለ ማንም ኮረንቲ ሊለቅብህ አይችልማ።

ሰኔ ገብቶ፣ የገበያ ቀን ነበር። ጋሪዎቹ ጭቃ ውስጥ እየዋኙ ሲያልፉ በመስኮት ይታዩናል። ቲቸር ግርማ እኔንና አያሌውን አጣመረን፤ እኔ ነቃይ፣ እሱ ወጪ። ፊውዙን ነቅዬ ዘረጋሁለት። እጄን አየና ፊቱን አዞረ።

«ጠረጴዛው ላይ አኑረው» አለ።

አኖርኩት። እኔ የነካሁትን ኪሱ ሊከት ስላልወደደ ሳያነሳው ወጣ። እኔም ከሥሩ መቆም ስላልፈለግሁ በመሰላሉ አጠገብ አልፌ ሽቦ ላመጣ ዕቃ ክፍል ገባሁ። ሁለት ግትሮች! መሰላሉ ከጣውላ ግርዶሽ ወዲያ ስለነበር ቲቸር ግርማ መጥቶ ሲያይ የሚታየው ጠረጴዛው ላይ ያለው ፊውዝ ብቻ ነው። ኪስ ውስጥ ካልሆነማ ሥራው አልቋል ብሎ ወደ ቦታው መለሰው።

ጩኸቱ የሰው አይመስልም ነበር። ሮጬ ስወጣ አያሌው ሽቦውን እንደጨበጠ ይንዘፈዘፋል። ቲቸር ፊውዙን መልሶ ሲነቅለው አያሌው ከላይ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። መዳፉ ነዶ የተጠበሰ ሥጋ ሸተተኝ፤ ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ነው የሸተተኝ።

ወሬ ደግሞ ክንፍ አለው። «ደመኛው አያሌውን በኮረንቲ ገደለው!» ሲባል ታላቅ ወንድሙ ጫኔ ገበያ ውስጥ ሰማ። ሽመሉን እንደያዘ በሩን በርግዶ ገባ፤ አንድ ቃል አልጠየቀም። የመጀመሪያው ምት ትከሻዬን ሰበረው፤ ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው አፌ ላይ አረፈ፤ ጥርሴን ከነደሙ ተፋሁ። ወድቄም አልተወኝም፤ «አባቴን! አሁን ደግሞ ወንድሜን!» እያለ ይረግጠኛል። ተማሪው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቲቸር ግርማ «እኔ ነኝ! ፊውዙን የመለስኩት እኔ ነኝ!» ብሎ መሀል ሲገባ፣ «ለተማሪህ ልትዋሽ ነው?» ብሎ ጫኔ ደረቱን መትቶ ጣለው። ከዚያ ከወገቡ ጩቤ መዘዘ። እግዜር አያሳያችሁ! እናቴን ጠራሁ።

«ጫኔ፣ ተወው።»

አያሌው ነው። ወለሉ ላይ እንደተዘረረ፣ ዓይኑ እንኳ በደንብ ሳይገለጥ፣ በአገራችን ቋንቋ በአዊኛ ነበር የተናገረው። «ጠረጴዛው ላይ አኑረው ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ዕቃ ክፍል ሲገባ አይቼዋለሁ፤ አልተመለሰም። እሱ አይደለም።»

«እሱ ነው በለኝ» አለ ጫኔ። ጩቤው አንገቴ ላይ ነው። እየለመነው ነበር እኮ! «ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ብቻ!»

«አይደለም አልኩህ።»

ጫኔ ጩቤውን ወረወረው። ወንድሙ ላይ ምራቁን ተፍቶ፣ «የአባቴ ልጅ አይደለህም» አለና እያለቀሰ ወጣ። ቤተሰቡም አያሌውን ፈሪ አለው፤ ቁስሉ ሲሽር ትምህርቱን ትቶ ወደ ቻግኒ ሄደ። የእኔ ትከሻ ክረምት በገባ ቁጥር ይጠዘጥዘኛል።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «ከዚያ ጓደኛሞች ሆናችሁ?» አለችኝ። የምን ጓደኛ! ሽማግሌዎች ቆይተው አስታርቀውናል፤ ከዚያ በኋላ የተያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ዳንግላ መናኸሪያ። ለምን እንዳዳነኝ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «አንተን ለማዳን መሰለህ? ብትሞት ደስ ይለኝ ነበር። ግን አላደረግኸውማ!» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔዋ እውነት እስክታድር ብትጠበቅ ኖሮ እኔ አላድርም ነበር። የሚወዱኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዋሽተውልኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። ሞቴን እየተመኘ እውነት የመሰከረልኝ ግን አያሌው ብቻ ነው። ዛሬም ስሙ ሲነሳ ከተቀመጥኩበት ብድግ ማለት ያምረኛል።