ቤት የማያየው ሜዳ

ልጄና ባሏ ጥምቀትን እኔ ዘንድ ጎንደር ካሳለፉ በኋላ፣ ድንኳን ጭነን በደባርቅ በኩል አገር እንይ አሉ። ድንኳኑ አዲስ ነው፤ እንደ ትራስ ተጠቅልሎ ማኪናው ውስጥ ተቀምጧል።

«አባባ፣ አገሩን እርስዎ ያውቁታል፤ የምናድርበትን ቦታ ይምረጡልን» አለኝ አማቼ።

ደስ አለኝ። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም አላለፈም፤ ዕድሜዬንም የጨረስሁት ከተማ ውስጥ የእህል መጋዘን ስጠብቅ ነው። ለተማረ ሰው የምመርጥለት ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ያደግሁት ግን ወገራ ነውና ደጋውን አውቀዋለሁ።

እሱ የሚፈልገውን ነገረኝ፤ ሜዳው የተስተካከለ፣ ውሃው ቅርብ፣ ገደሉ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤት የማያየን ቦታ።

«ለምን አባባ? ሰው ቅርብ ቢሆን አይሻልም?»

«ሰው ካየን ያስገባናል። ካስገባን ያርድልናል።»

«የራሳችን ምግብ አለን እኮ! ማካሮኒ አለ፣ ቱና አለ፣ ምድጃው ሳይቀር አለ።»

«እሱን ለኔ ሳይሆን ለሚያርድልን ባለቤት ንገረው» አልሁት። የቀለድሁ መስሎት ሳቀ።

ዓርብ እንሂድ ብዬም ነበር። በጾም ቀን ማንም ቢላ አይስልም። የእሱ የሥራ ፈቃድ ሊያልቅ ስለሆነ ግን ጉዞው ሐሙስ ሆነ።

በልቤ የያዝሁት ቦታ ከዳባት አለፍ ብሎ፣ ከመንገዱ በታች ያለ ጎድጓዳ መስክ ነው። ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ገበያ ስንወርድ አህዮቹን እናሳርፍበት ነበር። ምንጭ አለው፤ ከየትም አይታይም። ስንደርስ ሁለት ቆርቆሮ ቤት ተሠርቶበታል፤ የቀረው ባሕር ዛፍ ነው። አማቼ ሞተሩን ሳያጠፋ ዞር ብሎ አየኝ።

«እንግዲህ እኔ ካየሁት ብዙ ዘመን ሆነኝ» አልሁ።

ከዚያ ወዲያ የኔ ምርጫ አለቀ። ጉብታ ካለ ቤት አለ፤ ውሃ ካለ ቤት አለ፤ ምንም የለበትም ካልሁበትም ጭስ ይወጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አማቼ ከአስፋልቱ ወጥቶ፣ ገብሱ የታጨደበት ማሳ ዳር አቆመ። ቦታው ሸጋ ነው፤ አልዋሽም። ውሃው ከሥር ይፈሳል፤ ገደሉ ወዲያ ማዶ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከበላዩ ግን አንድ የሣር ቤት አለ፤ ብቻውን።

አንድ ቤት ከሁሉ የከፋ ነው። ሦስት አራት ቢሆኑ እንግዳውን ይካፈሉታል፤ አንዱ እንጀራ ያመጣል፣ አንዱ ጠላ፣ አንዱ መኝታ ይሰጣል። ብቻውን የቆመ ቤት ሁሉንም ብቻውን ይሸከማል።

«እዚህስ አይሆንም፣ ልጆቼ» አልሁ።

«አባዬ፣ ደክሞሃል» አለች ልጄ፤ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግታ አስቀመጠችኝ።

የድንኳኑ ካስማ ተመትቶ ሳያልቅ ሰውዬው ወረደ። ጋቢውን የተከናነበ፣ ዱላ የያዘ፣ ዕድሜው ከልጄ ብዙም የማይበልጥ ገበሬ ነው።

«እንደምን ዋላችሁ። ምነው አያ፣ ቤት እያለ ሜዳ?»

አማቼ ቀደመኝ። «እኛ ሜዳ እንወዳለን፣ ወንድሜ።»

«ሜዳ የሚወድስ አህያ ነው!» አለ ሰውዬው። «ነገ አገሩ ምን ይለኛል? ከደጁ እንግዳ ውርጭ ሲመታው እሱ እሳት ይሞቅ ነበር ሊለኝ ነው?»

«አመሰግናለሁ፣ አትቸገር» አለው አማቼ። ሰውዬው ተመልሶ ወጣ።

«አዩ አባባ? ገባው።»

ምን እንደገባው እኔ አውቄዋለሁ። የዞረው ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ጓሮው ነው። እዚያ ከአጥሩ ሥር አንዲት በግ ታስራለች፤ ሌላ ከብት አላየሁም። ጉልበቴን እየደገፍሁ ዳገቱን ወጣሁ። ስደርስ ገመዷን እየፈታ ነው። ሚስቱ ደጃፉ ላይ ቆማ በጊቱን ታያለች። እኔን ስታይ ፊቷን አስተካክላ «ይግቡ አያ፣ ይግቡ» አለች።

«ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል» አልሁት ባልየውን።

«ልጆቹንስ?»

«እነሱንም።»

«ሦስታችሁንም? ቤተሰብ ሙሉ የሚከለክል ምን ዓይነት ሐኪም ነው!» ብሎ ሳቀ።

«ዶሮ ይበቃናል።»

«ዶሮውን ፈንግል ፈጀው።»

«እንግዲያው ሽሮ።»

«ለእንግዳ ሽሮ?» አሁን አልሳቀም። «አያ፣ ድህነቴን አይቁጠሩብኝ።»

ሚስቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥቅምት ላይ ወልዳ ነበር፤ ግልገሏ ሞተባት እንጂ» አለችና ተወችው። ገባኝ። ያለቻቸው እሷው ናት፤ ደግማ ትወልድልናለች ብለው ነው የያዟት።

እጄን ገመዱ ላይ ጣል አደረግሁ። «በማርያም ይዤሃለሁ፣ ተዋት።»

«እኔም በሚካኤል ይዤዎታለሁ፤ ደጄን ረግጠው ሳይቀምሱ አይሄዱም።»

ሁለታችንም ገመዱን እንደያዝን ቆምን። በዚህ መካከል አማቼ እያለከለከ ደረሰ። ልጄ፣ የሰው ግብዣ መግፋት ነውር ነው ብላ መክራ ልካዋለች። ለኔ ማገዙ ነው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እሺ ወንድሜ፣ ያላችሁን እንቀምሳለን» አለ። እንጀራና ጠላ መስሎታል።

የሰውዬው ፊት በራ። ገመዱን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደ፤ እኔም ለቀቅሁ። እንቀምሳለን ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ቤቱን መናቅ ነው። አማቼ ሰውዬው ቢላ ሲያወጣ አይቶ ወደኔ ዞረ።

«አባባ፣ ምን አልሁ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እሺ አልህ» አልሁት።

በላን። ጥብሱ ጣፍጦኝ በላሁ፤ ይህንንም አልደብቅም። ልጄ ነገሩ ገብቷት ኖሮ፣ ያጎረሷትን ያህል መልሳ ሴትዮዋን ታጎርሳለች። ስንጨርስ ባልየው ተነሥቶ ቆመ።

«አያ፣ በሉ ይመርቁን።»

ብዙ ቤት መርቄያለሁ። ጤና ይስጣችሁ፣ ልጅ ይባርክላችሁ አልሁ፤ አሜን አሉ። ከዚያ የሚከተለው ለከብቱ ነው። ገበታው ላይ የቀረውን አጥንት አየሁ። ሰውዬው ግን መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ለገበሬ ከብቱን ሳይመርቁ መቀመጥ ደግሞ እርግማን ይመስላል።

«ከብታችሁ ይርባ፤ በረታችሁ ይሙላ» አልሁ።

ባልየው ጮክ ብሎ አሜን አለ። ሚስቱ የተነሣውን አጥንት ይዛ ወደ ጓዳ እየገባች ነበር። ዞር ብላ፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ «አሜን አያ፤ አፍዎ የማር ይሁን» አለችኝ። እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።