የተተረተረው ሹራብ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም፣ ለነፍስ አባቴም። ንስሐ ስገባ ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ መልሼ ዋጥኩት! ለእናንተ የምነግራችሁ ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል።

ሜልቦርን የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ግድም። የገባነው ትሩጋኒና ነው፤ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ መንገዱ ላይ ሰው የማይታይበት ሰፈር። ባሌ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሺፍት ሠርቶ ቀን ይተኛል፣ እኔ እንዳልቀሰቅሰው በካልሲ እሄዳለሁ። ሥራ ሳመለክት የዚህ አገር ልምድ የለሽም ይሉኛል። ቮለንቲር አድርጊ፣ በነጻ አገልግዪ ተባልኩና ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ መሄድ ጀመርኩ።

ማርታን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ከቺሊ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ባላቸው ሞቷል፣ ልጅ የላቸውም። አእምሯቸው ደህና ነው፣ ግን ስትሮክ መትቷቸው እንግሊዝኛው ከአፋቸው ጠፍቶ ስፓኒሹ ብቻ ቀርቷል። ሠራተኞቹ በምልክት ነው የሚያናግሯቸው። አንጀቴን በሉኝ። ስልኬ ላይ የስፓኒሽ ትምህርት ጫንኩና ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ሳነበንብ ሰንብቼ፣ ቅዳሜ ያጠናሁትን ይዤላቸው እሄድ ነበር። ስሳሳት እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ፤ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው ያርሙኛል። እኔ በዚያ አገር ሰው የሆንኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር።

ራሞን የሚባሉ ታናሽ ወንድም ነበሯቸው፣ ቺሊ። ቅዳሜ ቅዳሜ በእኔ ስልክ በቪዲዮ ያወራሉ። ማርታ ሰማያዊ ሹራብ ይሠሩላቸው ነበር፤ እጅጌውን ስክሪኑ ላይ ለጥፈው ካልለካሁህ ብለው ሲጨቃጨቁ እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ።

አንድ ሐሙስ የራሞን ልጅ ደወለችልኝ። አባቷ ሞተዋል። "ለአክስቴ አንቺ ንገሪልኝ፣ እጇን ይዘሽ። ከዚያ ደውይልኝና አብረን እናልቅስ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ጨነቀኝና እትዬ አስካለን አማከርኳቸው። ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኳቸው፣ ፖይንት ኩክ የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። "ውይ በሞትኩት! ብቻሽንማ መርዶ አትነግሪም። ቅዳሜ ሁለት ሦስት ሴቶች ይዤ እመጣለሁ። ቋንቋቸውን ባናውቅ ማልቀስ ያቅተናል?" አሉኝ።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ዓርብ ደወልኩና "ነግሬያቸዋለሁ፣ እትዬ፤ አይልፉ" አልኳቸው። ዋሸሁ። ቅዳሜ ስገባ ማርታ ፀጉራቸውን ተበጥረው ስልኩን እየጠበቁ ነው። "ዛሬ መስመር የለም" አልኳቸው። "እንግዲያው አንቺ አጫውቺኛ!" ብለው ሳቁ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መስመር የለም አልኩ። በሚቀጥለውም። የራሞን ልጅ አክስቷን ፍለጋ ደጋግማ ስትደውል ቁጥሯን ብሎክ አደረግኩት። እኔ ነኝ፣ በገዛ ጣቴ።

ቃል አጥቼ ነው? አይደለም፤ "ሞተ" የሚለውን በስፓኒሽ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ወጋችን ይዞኝ ነው? ወጉማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሊመጣልኝ ተነሥቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ይቅርብኝ ያልኩት። ፈርቼ ነው? አዎ፣ ግን ለማርታ አይደለም የፈራሁት። ካወቁ አይስቁልኝም ብዬ ነው። ቅዳሜዬ የለቅሶ ቤት እንዳይሆንብኝ። የሰው ወንድም ሞቶ እኔ ለጨዋታዬ ሳሳሁ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማርታ እየቆዩ ስለ ስልኩ መጠየቅ ተዉ። አንድ ቅዳሜ ስገባ ያን ሰማያዊ ሹራብ ጭናቸው ላይ አድርገው ይተረትሩታል። "ረስቶኛል" አሉኝ። "በእጄ ያሳደግኩት ልጅ ረሳኝ። ነይ፣ ያዥልኝ።" የክሩን ጫፍ ሰጡኝ። እሳቸው ይተረትራሉ፣ እኔ እጠቀልላለሁ። "አልረሱዎትም፣ ሞተው ነው" ብል ይበቃ ነበር። ሞታቸው እንኳ ምሥራች ይሆንላቸው ነበር! አላልኩም። እጅጌውን፣ ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ሁሉንም ጠቅልዬ ጨረስኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ማርታ ሞቱ። ወንድማቸውን እንደተቀየሙ ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ብሎኩን አንሥቼ ለራሞን ልጅ መልእክት ጻፍኩላት፤ ስልኬ ተበላሽቶ ነበር አልኳት፣ የአክስቷን መሞትም ነገርኳት። አመነችኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "የአባቴን ሞት ስትነግሪያት ምን አለች?"

"ስማቸውን እየጠሩ አለቀሱ፤ እጄን ይዘው ጸለዩላቸው" ብዬ መለስኩላት። ማርታ ባስተማሩኝ ስፓኒሽ ነው የጻፍኩት፣ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ልጅቷ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለችኝ።

ቁጥሯ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። አልደወልኩም። እናንተን ይቅር በሉኝ ብዬ አላደክማችሁም። ይቅር ልትለኝ የምትችል አንድ ሰው ብትኖር እሷ ናት፤ እሷን ደግሞ ዛሬም እያታለልኳት ነው።