በብብቴ የያዝኩት ብልቃጥ

ከተጋባን ሁለት ዓመት ሲያልፍ ሰው ፊቴን ትቶ ሆዴን ማየት ጀመረ። ገበያ ስወጣም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ ቢሮ የጽሕፈት መኪናዬ ፊት ስቀመጥ እንኳ ሳይቀር፣ የሚያገኘኝ ሰው ዓይን መጀመሪያ ወደ መቀነቴ ይወርዳል። እኔ ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁ የጎጃሜ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ የአርጆ ልጅ ነው፤ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ጨለለቂ የሚባለው ሰፈር የቀበሌ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። በደርግ ጊዜ ቤቱም ስኳሩም፣ ከከተማ መውጣቱም በቀበሌ በኩል ስለነበር፣ የእኔም ሆድ የቀበሌው ጉዳይ የሆነ ይመስል የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሳይቀር ይነሣብኝ ነበር።

በሰው ምክር ከነቀምቴ ወጣ ብላ ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ሄድን። ስሟን አልጠራም። እዚያ ጤና ጣቢያ በሴቶች በሽታ የታወቀ ድሬሰር ነበር። ባለቤቴን በር ላይ አስቀርቶ እኔን አስገባኝ። አልጋው ላይ የተነጠፈው ላስቲክ ከእኔ በፊት በወጣችው ሴት ደም ርሶ ነበር። በጨርቅ ወዲያ ወዲህ አለውና "ተኚ" አለኝ። ኦቾሎኒ እየበላ ነበር። ልጣጩን እፍ ብሎ፣ እጁን በጋዋኑ ጠርጎ፣ በዚያው እጁ መረመረኝ። ሲጨርስ "ማህፀንሽ ቆሽሿል፤ መጠረግ አለበት" አለ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር የተናገረው።

ጠረገኝ። ሕመሙ እየደበዘዘ ሄዷል፤ ድምፁ ግን አልለቀቀኝም። የተቃጠለ ድስት ሲፋቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከገዛ ሆዴ ሲወጣ ሰማሁ። ጠብቂ አለኝ፣ ጠበቅሁ፤ አላረገዝሁም። ተመልሼ ሄድኩ፣ ደግሞ ጠረገኝ። ሌላ ጊዜ "መንገዱ ይከፈት" ብሎ በቱቦ አየር ነፋብኝና ትከሻዬ ድረስ ወጋኝ። ከእያንዳንዱ በኋላ የሚሸት ፈሳሽ ይወርደኛል፤ ውሃ አሙቄ ቆዳዬ እስኪላጥ እታጠባለሁ። "ቆሽሿል" ያለው ቃል ግን በሳሙና አልወጣ አለኝ። ባለቤቴ ሲነካኝ ገላዬን እሸሽገው ጀመር፤ የሰው እጅ ሁሉ ያ እጅ ይመስለኝ ነበር።

አማቴም በበኩሏ ከአርጆ በጭነት መኪና መድኃኒት ይዛ መጣች። እኔ ሃርሜ፣ እናቴ እላታለሁ፤ እሷ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ትለኛለች። ያመጣችው ሥር ተወቅጦ በቆየ ቅቤና በዶሮ ሐሞት የተለወሰ ነበር። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ እንድጠጣው ታዘዘ። ስጠጣ አፍንጫዬን በገዛ ጣቶቿ ትይዝልኛለች። ሲያስመልሰኝ በነጠላዋ ጫፍ አፌን ትጠርግና እንደገና ትቀዳልኛለች። ክፋት አልነበራትም። ክፉ ብትሆን ጠልቻት ያንን ነገር እደፋው ነበር።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች አንዲት ሐኪም ከተማችን መጣች። ታሪኬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማችኝ። ከዚያ ለምን እንደጠረጉኝ ጠየቀችኝ። ቆሽሿል ስላሉኝ ነው አልኳት። ያልኳትን ካርዴ ላይ ጻፈችና፣

"ባለቤትሽስ?" አለችኝ።

"ባለቤቴ ምን?"

"እሱ ተመርምሯል?"

ያን ያህል ዓመት ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። የቀሩን ሁለት ምርመራዎች እንደሆኑ ነገረችኝ። አንደኛው የእሱ ዘር ሲሆን እዚሁ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሁለተኛው የእኔ ነው፤ አዲስ አበባ ሄጄ ቀለም ያለው ፈሳሽ ማህፀኔ ውስጥ ተደርጎ ራጅ እነሣለሁ። እንደሚያም አልደበቀችኝም። የቱ እንደሚቀድም ከባለቤቴ ጋር እንድንወስን ነግራ ሸኘችኝ።

ባለቤቴ የአዲስ አበባውን ወዲያው ተቀበለ፤ ፈቃድ ጠይቆ አብሮኝ እንደሚሄድም ተናገረ። የራሱን ስነግረው ግን መሬት መሬት አየ። ላቦራቶሪ የሚሠራው ልጅ ያስተማረው ተማሪው መሆኑን፣ ነገሩን በጠርሙስ አድርጎ ለተማሪው መስጠት እንደሚቀፈው አስረዳኝ። 

"የእኔን ሆድ ኦቾሎኒ የሚበላ ሰው ፍቆታል፤ አንተ ጠርሙስ መያዝ ቀፈፈህ?" አልኩት። "አንተ ሳትመረመር ከእንግዲህ ማንም እጁን አያስገባብኝም።"

ተኳረፍን። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምሳ ሳይበላ ብልቃጥ እንዳለን ጠየቀኝ። የፔኒሲሊን ብልቃጥ ቀቅዬ ሰጠሁት። እሱ ጓዳ ገባ፤ እኔ ሳሎን ተቀመጥኩ። የጎረቤት ሬዲዮ ስለ ምርት ዘመቻ ይለፈልፋል። ሲወጣ ፊቴን አላየም፤ በመሐረብ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ወስጄ የማስረክበው እኔ እንድሆን ተስማምተን ነበር።

ሐኪሟ እንዳይቀዘቅዝ ብላኝ ስለነበር ከሹራቤ ሥር በብብቴ ያዝኩት። ለብ ይላል፤ ስራመድ ይንሸራተታል። የምወደው ባሌ የሰጠኝ ሆኖ ሳለ ቦይ ውስጥ ልወረውረው እጄን በላኝ። እንዲህ ሆኜ ስቻኮል መንገድ ላይ የማውቃቸው አንዲት ባልቴት አገኙኝ። እኛ አገር ሰላምታ አይቋረጥም። እጄን ሊጨብጡ ሲሉ ክንዴን ማንሣት አቃተኝና በግራዬ ሰጠኋቸው። ቅር አላቸው፤ ሰላምታውን ግን ቀጠሉ።

"ማኒ ነጋ?" ቤቱ ሰላም ነው ወይ።

"ነጋ።"

"ሎን ነጋ?" ከብቱስ። ከብት እንደሌለን ያውቃሉ፤ ልማድ ነው።

"ነጋ።"

"ኢጆሌን..." ብለው አቋረጡት። ልጆቹስ ማለታቸው ነበር። ቃሉን ውጠው በአዘኔታ ሆዴን አዩት፤ ከዚያም ሁሉ በእግዜር እጅ ነው ብለው እንደ ማጽናናት ብልቃጡን የያዘውን ክንዴን ዳበሱት። ብልቃጡ የጎድን አጥንቴ ላይ ተጫነ። ጥርሴን ነክሼ አመሰገንኳቸው።

የላቦራቶሪው ልጅ ብልቃጡን ሳያየኝ ተቀበለኝ። የባለቤቴን ስም ሲያነብ ጆሮው ቀላ። "ቲቸርን ሰላም ይበሉልኝ" አለ።

ሐኪሟ ድጋሚ አስመርምራ ነው የጠራችን። በፈሳሹ ውስጥ ምንም ዘር አልተገኘም። ባለቤቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ተቀመጠ። እኔ ነጻ ወጣሁ ብዬ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። የመጣብኝ ግን ማቅለሽለሽ ነው። ያ ሁሉ መጠረግ፣ አየሩ፣ ሐሞቱ፣ ቆሻሻ ነሽ መባሉ፣ አንዱም ለእኔ የሚሆን አልነበረም። ወደ ጓሮ ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለስኩ።

ስመለስ ሐኪሟ ቀጣዩን አስረዳችን። ዘሩ መንገዱ ተዘግቶ እንደሆነ ወይም ከነአካቴው የማይፈጠር እንደሆነ ለመለየት፣ አዲስ አበባ ከቆለጡ በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። እግረ መንገዴንም የእኔን ራጅ ብጨርስ ጥሩ እንደሆነ ጨመረች። ቤት ስንገባ እኔ መርፌው ይቅርብህ አልኩት። ሰው ገላ ላይ ምን እንደሚደረግ አውቄያለሁ፤ እሱ ላይ እንዲደገም አልፈለግሁም።

"አንቺ ስትችዪው የኖርሽውን እኔም አንድ ጊዜ ልቻለው" አለኝ። "ሳላውቅ መኖር አልፈልግም። የአንቺን ግን ካልፈለግሽ አትነሺ።"

እንዲሁ ወሰንን፤ እሱ ይመረመራል፣ እኔ አልመረመርም።

ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወንበሩ ሁሉ በባለጉዳይ ሞልቷል። ሊቀመንበሩ የጉዞውን ምክንያት ጠየቀ። ባለቤቴ ለሕክምና ነው አለ። ሰውዬው እስክሪብቶውን ወደ ሆዴ ቀስሮ አሁንም የእሷ ጉዳይ ነው ወይ ሲል ወረፋ የያዘው ሰው ፈገግ ፈገግ አለ።

"አይደለም ጓድ ሊቀመንበር" አለ ባለቤቴ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚናገረው ረጋ ብሎ። "ዘር የሌለኝ እኔ ነኝ። እሷ የምትመጣው ልታስታምመኝ ነው።"

ሊቀመንበሩ ቀና ሳይል ማኅተሙን መታ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ግን እንዳይነካኝ ነጠላዋን ሰበሰበች፤ እንደሚጋባ በሽታ። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ጎረቤት ቤት ድረስ መጥታ፣ ዘር ዘር ነው፣ ከየትም አምጥተሽ ዝም ብትዪ ማን ያውቃል ብላ መከረችኝ። የጠጣችበትን ብርጭቆ በፈላ ውሃ አጠብኩት።

አዲስ አበባ መርፌውን ተወጋ። ዘሩ የማይፈጠር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ ታሞ ቆለጡ አብጦ እንደሆነ ሲጠይቀው ባለቤቴ አስታወሰ። መድኃኒት የለውም ተባልን። የእኔን ራጅ ሊያነሡልኝ እንደሚችሉ ሲነግሩኝ አመስግኜ እንቢ አልኩ።

ከዚያ አርጆ ሄደን ለአማቴ ነገርናት። ልጇን እስኪጨርስ ሰማችው። እሱ ወደ ደጅ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች።

"ሲፍቁሽ ይህን ያውቁ ነበር?" አለችኝ።

"ማንም አልጠየቀም፣ ሃርሜ።"

"እኔም አልጠየቅሁም" አለች፤ ከዚያም መሬቱ ላይ እንትፍ አለች። አፏን በመዳፏ ጠርጋ፣ ገና ወጣት መሆኔን፣ ልጇን ትቼ ብሄድ እንደማትረግመኝ ነገረችኝ።

አልሄድኩም። ቤታችን ሁለታችን ብቻ ያረጀንበት ነው። ያ ብልቃጥ ያረፈበትን ጎኔን ግን ለብዙ ጊዜ ስታጠብ ደጋግሜ እፈትገው ነበር።