ጋቢና የተቀመጠ ሰው

መኪና ማሻሻል የተማርኩት በቂም ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች የመኪና ፍቅር ይዟት ነው ይላሉ። ፍቅሩ በኋላ መጣ። መጀመሪያ የነበረው ምኞት አንድ ብቻ ነው፦ አግብቼው የነበረው ሰውዬ ጋቢና ተቀምጦ፣ እኔ መሪ ይዤ፣ የእንጦጦን ቁልቁለት አብሮኝ እንዲወርድ።

በትዳር ዘመናችን ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረችን። እሁድ እሁድ ሱሉልታ ዘመዶቹ ጋ እንሄዳለን። ስንመለስ ከእንጦጦ አናት ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው ቁልቁለት ጋ ሲደርስ ከማርሽ አውጥቶ ፎሌ አድርጎ ይለቃታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ይላል። ውሸቱን ነው፤ የኔን ፊት ለማየት ነበር። እኔ ፍሬን ያለ ይመስል እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ እረግጣለሁ፤ እሱ ይስቃል። "ጋቢና በኩል ፍሬን የለም፣ የኔ እመቤት!" ይለኛል። ይህንኑ ለጓደኞቹ አወራ፣ ለእህቶቹ አወራ። አንድ ፋሲካ ደግሞ እናቴ ፊት ተነስቶ እግሬን እንዴት እንደምተክል እያስመሰለ አሳየ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ነው የሳቀው።

ስንጣላ ሊያስታርቁን የመጡት ሽማግሌዎች አልሆንላቸው ሲል ንብረቱን አካፈሉን። በኋላ የገዛናት አዲሲቱ መኪና ለእሱ፣ ቀይዋ ለእኔ ተባለ። የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። "ቀይዋን ለእሷ ስጧት፤ ፍሬኗ አልቋል፣ ሞላዋ ወድቋል። ዶሮ ታሳድርባት" አላቸው። ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ። ከዚያ ይቅር ተባባሉ አሉን። ይቅር ብያለሁ አልኩ። ሽማግሌ ፊት ሌላ ምን ይባላል?

ሱሉልታ ላይ ግንባታው የቆመ የመጋዘን ግቢ አለ፤ ሕንፃው ሳያልቅ አስፋልቱ አልቋል። የመኪና ነገር የማይጠግቡ ሰዎች አንዳንድ እሁድ እዚያ ይሰበሰባሉ። አሮጌ ጎማ በየጥጉ ደርድረው፣ አንድ በአንድ እየወጡ ሰዓት እየተያዘላቸው ይዞራሉ። እሱ የዚያ ሜዳ ጌታ ነበር። እዚያው፣ ጓደኞቹ ፊት፣ ዶሮ ታሳድርባት ባላት መኪና ልክ ላስገባው ቆረጥኩ።

የምኖረው ቡራዩ ነው፤ የምሠራው ሰበታ፣ አንድ ክር ፋብሪካ መለዋወጫ ክፍል። መኪናዋን ሰፈሬ ላለ መካኒክ ወሰድኳት። እጁ ጥሩ ነው፤ ግን እዚህ አገር መኪና አሻሽል ከተባለ መካኒኩም ባለመኪናውም የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ከፍ ማድረግ። ከሞላው ሥር ጎማ ይጨመራል፣ ጠንካራ ሞላ ይገባል፣ መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ሆዷ አይነካም። እኔም ሌላ አላውቅምና ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ከፍ ብላ ስትወጣ ዓይኔን ሞላችው።

የመጀመሪያው እሁድ ጉድ ሆንኩ። ኩርባ ላይ መሪ ስጠመዝዝ ድርቆሽ እንደጫነ አይሱዙ አዘመመች። ቀጥታው መጨረሻ ላይ ፍሬኑ ይልምና እግሬን ተከትሎ ይወርዳል። ከሁሉም ኋላ ጨረስኩ። ሰው ሙድ ያዘብኝ። እሱ መጣና መስኮቴ ላይ ጎንበስ ብሎ "ዶሮዎቹ ደህና ናቸው?" አለኝ። ደሜ ፈላ። እስከ ቡራዩ ድረስ ብቻዬን ጮክ ብዬ እየተሳደብኩ ነዳሁ።

በማግስቱ መካኒኩን "ዝቅ አድርጋት" አልኩት።

"ዝቅ?"

"ዝቅ።"

"ያ ረቢ! እህቴ፣ ሰው ከፍ አስደርጎ አይጠግብም፤ አንቺ መሬት ልታስልሻት ነው? የቡራዩን መንገድ አይተሽዋል?"

"ቡራዩ አይደለም የምወዳደረው።"

ጎረቤቶቹን ጠርቶ አሳየኝ። ሊያስቅብኝ ሳይሆን እውነት ግራ ገብቶት ነው። እኔ ግን ያን ሰሞን ከሥራ መልስ ስልኬ ላይ ስለ ፍሬንና ሞላ ያላየሁት ቪዲዮ አልነበረም፤ ከፍታዋ ነው ኩርባ ላይ የሚያዘምማት። ዓለም ገና፣ የተጋጩ መኪናዎች ከሚከማቹበት ግቢ አጠር ያሉ ጠንካራ ሞላዎች አገኘሁ። እዚያው ከእሷ በኋላ ከወጣችው ሞዴል ላይ ሰፋፊ የፊት ፍሬን ዲስኮች፣ ዲስኩን ጨብጦ ከሚያቆመው ካሊፐር ጋር አስፈታሁ። ካሊፐሩ አልገጥም ሲል ሰበታ ቶርኖ ቤት ማሰሪያ አስቀረጽኩለት። ሾኮቹን ቀየርን፣ በየመገጣጠሚያው ያለቁትን ጎሚኒዎች ቀየርን። የድሮው የፍሬን ቱቦ ሲረገጥ እንደ ፊኛ ያብጥ ነበር፤ አውጥተን ጣልነውና ሽቦ የለበሰ አስገባን። የፍሬን ሸራውንም ዘይቱንም ሙቀት የሚችል አደረግን።

በመጨረሻ ከቱቦው አየር ማስወጣት ነበረብን። መካኒኩ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ቡሎኑን ይፈታል፣ እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ። "እርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!" ይለኛል። እርገጪ ባለኝ ቁጥር የዚያ ሰውዬ ፊት ይታየኛል፤ ደህና አድርጌ እረግጣለሁ። "ኧረ ቀስ፣ ትሰብሪዋለሽ!" ይላል ከሥር። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ እስኪቆም ድረስ ረገጥኩ።

ቀጥሎ በተሰበሰብንበት እሁድ ሱሉልታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሜዳው ሣር ታጭዶ፣ ከግቢው ማዶ ድርቆሹ ተከምሯል። እሱ ቀድሞኝ ዞረ፣ ጥሩ ሰዓት አስመዘገበ። ሞተሩ ከኔ በእጥፍ ይበረታል፤ በቀጥታው መንገድ አልደርስበትም። ግን እሱ ፍሬን ከሚይዝበት አልፌ እሄዳለሁ፣ ያኔ እረግጣለሁ፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ሳትደፋ ቁጭ ትላለች፣ ኩርባውን ቀጥ ብላ ትገባለች። ስጨርስ ሰዓት ያዡ ሰዓቱን ሁለቴ አየ። "ቀይዋ በለጠች" አለ።

እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እሱ ፊቱ ጠቆረ። ደገመ፤ አልበለጠኝም። ሦስተኛ ሊወጣ ሲል ከፊት ጎማዎቹ ጢስ ይወጣ ነበር። ከአስፋልቱ ዳር አፈሩ ላይ አቆመና ጀሪካን ውሃ አስመጣ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከቁልቁለት ሲወርዱ ጎማቸው ላይ ውሃ ሲያፈሱ አይቶ ነው፤ ሁሌ ያደርገዋል።

ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። "ተው፣ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስ። ይሰነጠቃል። ቀስ ብለህ ዙርና ንፋስ ያብርደው" አልኩት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ምክሬ እውነት ነበር፤ አንዲት ቃል አላጣመምኩም። ግን አዝኜለት አይደለም። እኔ አታድርግ ያልኩትን ሳያደርግ የቀረበት ጊዜ እንደሌለ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዙሪያውን አየ፣ ፈገግ አለ፣ ጀሪካኑን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጠው። እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። እግሩ ሥር ጭቃ ሆነ።

ሦስተኛውን ዙር ወጥቶ ቀጥታው መጨረሻ ላይ ሲደርስ የመኪናው አፍንጫ ሲንቀጠቀጥ ካለሁበት ታየኝ። አልቆመም። የተደረደሩትን ጎማዎች በተነ፣ አጥር በሌለበት በኩል ወደ ሜዳው ወጣ፣ የድርቆሹ ክምር ውስጥ እስከ በሩ ገብቶ ቆመ። ሮጠን ስንደርስ አንድም ጭረት የለበትም፤ ግን ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ዲስኩ ከመሃል ተሰንጥቋል።

የድርቆሹ ባለቤት፣ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ገበሬ፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። "ማል ታቴ፣ ልጄ? ተርፈሃል?" አሉት። መትረፉን ሲያዩ ድርቆሻቸውን ዞረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓደኞቹ መኪናውን ከክምሩ ለማውጣት ገመድ ፍለጋ ላይ ናቸው። "ይሄ ሰው ብርድ ገብቶታል፣ ይንቀጠቀጣል። ማነው ቤቱ የሚያደርሰው?" አሉ አዛውንቱ። ዞር ሲሉ እኔ አጠገባቸው ነኝ። "አንቺ ልጄ፣ አድርሺው።"

"እሺ አባቴ" አልኩ። ፍጥነቴ ለራሴም አሳፈረኝ።

"አይ ኦቦ፣ እርስዎ አይቸገሩ፤ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ" አለ እሱ፣ እኔን ሳያይ።

"ምን ትጠብቃለህ? ሴኒ፣ ግባ!" አሉና የቀይዋን በር በዱላቸው አሳዩት። ሽማግሌ አዞ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ወዴት ይኬዳል? ጋቢና ገባ።

እንጦጦ አናት ደረስን። ቁልቁለቱ ሲጀምር የከባድ መኪኖች የተቃጠለ ሸራ ሽታ በመስኮት ገባ። ፎሌ አላደረግኩም፤ በማርሽ ነው የወረድኩት። መንገዱ ነፃ ነበር። ወደ መጀመሪያው ኩርባ ስንጠጋ እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳረፍኩና ጠበቅሁ። ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ ረገጥኩ፤ መኪናዋ ቁጭ አለች፣ ዞረች፣ ወጣች። በሚቀጥለውም እንዲሁ።

በዓይኔ ጥግ አየሁት። እጁ የበሩን መያዣ ጨብጧል። እግሩ ወለሉ ላይ ተተክሎ ይረግጣል፤ ጫማው እስኪታጠፍ ይረግጣል።

"ቀስ በይ" አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ እንደዚያ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም።

ያቺን ቃል ስንት ሌሊት ስንት ዓይነት አድርጌ ተለማምጃታለሁ። እየጮህኩ፣ እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ። ስትወጣ ግን እንደማንኛውም ወሬ ወጣች።

"ጋቢና በኩል ፍሬን የለም፣ የኔ ጌታ።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራው ጋ ወረደ፤ በሩን ሳይዘጋ ሄደ። ተንጠራርቼ ስዘጋው ወለሉን አየሁ። ከዚያ ካፈሰሰው ውሃ የቦካው ጭቃ ምንጣፉ ላይ የእግሩን ቅርጽ አትሞ ቀርቷል፤ ተረከዙ ሳሳ ብሎ፣ ጣቶቹ ጋ ጠልቆ። መኪናዋን በየሳምንቱ አጥባለሁ። ያንን ምንጣፍ ግን እስካሁን ውሃ አላስነካሁትም።